ክፉ ጌታ ሳይኖር፦ የአማርኛ ልቦለድ ባለጸጋና የአርሲ ጭሰኛ

1. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ መጽሐፍ ሳይሆን ጨዋታ ነው። ጸሐፊው ተወልዶ ባደገባት በአርሲዋ ሲሬ፣ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ አባት ስለ ጭሰኝነት ዘመን በአፋን ኦሮሞ አጫውተውት ነበር። በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ገና ወጣት ነበሩ። ከአባታቸው ጋር የሚያርሱት መሬት የሌላ ሰው ስለነበር ከምርቱ እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጡ ነበር። አንድ ዓመት መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ ባለመሬቱ አስጠሯቸውና፣ መሬቱን ከእንግዲህ ራሳቸው በትራክተር እንደሚያርሱት ነገሯቸው። ቤተሰቡ ጎጆውን ነቅሎ፣ ከብቱን ነድቶ ወጣ። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ በድምፃቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም። «ደግ ሰው ነበሩ» አሉ። «ስንወጣ እንኳ ለስንቅ ብለው አንድ ጆንያ ስንዴ ሰጥተውናል፤ እናቴ ጉልበታቸውን ስማ ነው የተሰናበተችው። የምረግመው ሰው የለኝም።»

ይህ አነጋገር የአማርኛ ልቦለድ ለሚያስተምር ሰው አስቸጋሪ ነው። በልቦለዶቻችን ውስጥ ባለጸጋ ሲወቀስ የሚወቀሰው ክፉ ስለሆነ ነው፤ ስስታም፣ ትዕቢተኛ፣ ጨካኝ፣ ወይም በዘሩ የሚመካ ስለሆነ ነው። የሲሬው ሽማግሌ ጌታ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበሩም። ሕግ አልጣሱም። አልደበደቡም። እንዲያውም ስንቅ ሰጡ። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን አንድ ቤተሰብ ከኖረበት ተነቅሏል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ የሀብት ልዩነት ያደረሰውን በደል፣ በዳይ የሚሆን ክፉ ሰው ሳይኖር፣ ልቦለዳችን ሊያሳየን ይችላልን?

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ልቦለዳችን ይህን እስከ ዛሬ በበቂ አላሳየንም በማለት ነው። ምክንያቱም የከፍተኛ ሀብትን ሥነ ምግባር የባለጸጋው የጠባይ ጉዳይ አድርጎ ተቀብሎታል። ለማስረጃነት በዋናነት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ይወስዳል። ከአርሲ የመሬት ታሪክ ጋር እያስተያየም ለመመርመር ይሞክራል።

2. ቃሎቻችን ስለ ሀብት ምን ይላሉ?

ወደ ልቦለዱ ከመግባታችን በፊት የቋንቋውን ልማድ ማየት ይጠቅማል። አማርኛ ለሀብት የሚጠቀምባቸው ዋና ዋና ቃላት ከግእዝ የመጡ ናቸው። «ሀብት» ወሀበ፣ ማለትም ሰጠ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ጥንተ ፍቺው ስጦታ ነው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ወልድ የሚሉት ስሞች ይህንኑ ፍቺ ይዘው ይገኛሉ። «ባለጸጋ» ደግሞ የጸጋ ባለቤት ማለት ነው፤ ጸጋም ከላይ የሚወርድ ነገር ነው። «ከበረ» የሚለው ግስ በአንድ በኩል ተከበረ፣ በሌላ በኩል ሀብታም ሆነ ማለት ነው። «ቱጃር» የሚለው ከዐረብኛ የመጣ ቃል ብቻ ነው የሀብቱን ምንጭ፣ ማለትም ንግድን፣ የሚጠቁመው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሀብት ስጦታ ከሆነ፣ በባለ ሀብቱ ላይ የሚነሣው ጥያቄ «የተሰጠህን ምን አደረግህበት?» የሚል ይሆናል፤ «ከማን ወሰድኸው?» የሚል አይሆንም። የሀብት ሥነ ምግባር የአጠቃቀም ሥነ ምግባር ይሆናል ማለት ነው። መጸወተ ወይስ ነፈገ? እንግዳ ተቀበለ ወይስ በሩን ዘጋ? የስብከት ትውፊታችን ሁለቱን ባለጸጎች፣ አብርሃምንና ነዌን፣ የሚያነጻጽረው በዚሁ መስፈርት ነው። አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነው፣ ነዌ ግን አልዓዛር ከደጁ ወድቆ ሳለ ይበላል ይጠጣል።

ይሁን እንጂ የወንጌሉን ታሪክ አስተውሎ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ነዌ ዘረፈ ወይም ገረፈ አልተባለም። አልዓዛርን ከደጁ አስነሥቶ እንዳስባረረውም አልተነገረም። የተነገረን አንድ ሰው ዕለት ዕለት ሲደሰት ሌላው ከደጁ መውደቁ ብቻ ነው። የታሪኩ ክብደት ያለው ከነዌ ጠባይ ይልቅ በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። ሰባኪዎቻችን፣ ከእነርሱም ተከትለው ደራሲዎቻችን፣ ነዌን ስስታም አድርገው በመሳል ታሪኩን አቅልለውታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችን ግን አንዳንድ ጊዜ ከስብከቱ ይልቅ ወደ ነገሩ ይጠጋሉ። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለው አባባል ስለ ባለ ገንዘቡ ደግነት ወይም ክፋት የሚናገረው የለም። የሚናገረው ሀብት ለሌላው የተዘጋውን በር እንደሚከፍት፣ ማለትም ስለ ሥልጣን ነው። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውም ንጉሡ ክፉ ነው አይልም። የሚለው እርሱን የሚጠይቅበት መንገድ የለም ነው። እነዚህ አባባሎች ከጠባይ ወደ ግንኙነት ይሻገራሉ። ልቦለዳችን ይህን መሻገሪያ ተሻግሯል ወይ የሚለውን ቀጥለን እንመለከታለን።

3. ፊታውራሪ መሸሻና የጎጃም ርስት

በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ባላባታዊው ሥርዓት ከተጻፉት የአማርኛ ልቦለዶች ሁሉ በሰፊው የተነበበ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው የሚመኩ፣ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ያጡ፣ ከገበሬዎቻቸውም ልማድ ከሚፈቅደው በላይ የሚጠይቁ ጌታ ናቸው። ገበሬዎቹ ተጨማሪውን አንከፍልም ሲሉ ጌታው ሊወጓቸው ዘመቱ። አበጀ በለው የሚመራቸው ገበሬዎችም ድል አድርገው ማረኳቸው። የሥርዓቱን ብልሽት በግልጽ የሚናገረው ካሳ ዳምጤ በሕዝቡ ዘንድ እንደ እብድ ተቆጥሮ «ጉዱ ካሳ» ተብሏል።

የደራሲው ጥበብ ፊታውራሪን በአንድ ጊዜ የሚያስጠሉም የሚያስቁም አድርጎ በመሳሉ ላይ ነው። አንባቢ ሥርዓቱን በሳቅ ይዳኛል። ለዘመኑ ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም። ይሁን እንጂ ሳቁ ዋጋ ያስከፍላል። ፊታውራሪ መሸሻ ከልክ ያለፉ ሰው ስለሆኑ፣ የአንባቢ ፍርድ በልክ ማለፋቸው ላይ ያርፋል። ገበሬዎቹ ያመፁት ግብር ስለተጠየቁ ሳይሆን ከልማዱ ውጭ ስለተጠየቁ ነው። የልማዱ ግብር ራሱ፣ አንድ ሰው ያላረሰውን ሌላው አርሶ የሚያበላው ለምን እንደሆነ፣ በሴራው ውስጥ የግጭት ምክንያት አይሆንም። ይህን ጥያቄ የሚያነሣው ጉዱ ካሳ ነው፤ እርሱም የሚያነሣው በንግግር እንጂ በድርጊት አይደለም። ልቦለዱ ሁለት ትችቶችን ይዟል ማለት ነው። አንዱ በሴራው የተገለጸው ክፉ ጌታ ነው። ሌላው በአንድ ገጸ ባሕርይ አንደበት ብቻ የቀረው ጌትነት ራሱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነጥብ በሂስ ጽሑፎቻችን በቂ ትኩረት ያላገኘ ይመስላል። አበጀ በለው የሚቻል ገጸ ባሕርይ የሆነው በምን ምክንያት ነው? መልሱ በመቼቱ ውስጥ ነው። የጎጃም ገበሬ በአብዛኛው ባለ ርስት ነበር። ርስቱ ከአባት ከእናቱ በዘር የወረደለት የመሬት መብት ነው። ጌታው ደግሞ የያዘው ጉልት፣ ማለትም ከዚያ መሬት ግብርና አገልግሎት የመቀበል መብት ነው። ጌታው ግብር ሊያበዛ፣ ሊያስርና ሊገርፍ ይችላል፤ ገበሬውን ከርስቱ መንቀል ግን እንዲህ በቀላሉ አይቻለውም። ስለዚህ ገበሬው «አልከፍልም» ሲል የሚቆምበት መሬት ከእግሩ ሥር አለ። አበጀ በለው ጀግና የሆነው ደፋር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ባለ ርስት ስለሆነም ነው።

ይህ አተረጓጎም ከታሪኩ ጋር ይስማማል። ልቦለዱ በታተመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም በእርግጥ አመፀ። ከምክንያቶቹም አንዱ ግብሩ ርስቱን ለማስለካትና ለማስነጠቅ የመጣ ነው የሚል ሥጋት ነበር። መንግሥትም በመጨረሻ ውዝፉን ለመተው ተገደደ። የሐዲስ ዓለማየሁ ሴራ የሚናገረው ስለዚያ አገር እውነት ነው።

ስሕተቱ የሚመጣው እኛ አስተማሪዎች ልቦለዱን «የባላባታዊት ኢትዮጵያ ሥዕል» ብለን ስናስተምር ነው። ከሲሬ፣ ከኢተያ ወይም ከሁሩታ የመጣ ተማሪ የአያቶቹን ሕይወት በዲማ ጊዮርጊስ ውስጥ ፈልጎ ሲያጣው፣ አያቶቹ አበጀ በለው ያልነበራቸው ፈሪዎች ስለነበሩ ሊመስለው ይችላል። የጎደለው ግን ወኔ ሳይሆን ርስት ነው።

4. የአርሲው መቼት

አርሲ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የገባው በ1870ዎቹ፣ በራስ ዳርጌ መሪነት በተካሄደ ረጅምና ደም አፋሳሽ ዘመቻ ነው። ከዚያም መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለወታደር፣ ለሹም፣ ለባላባትና ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ነዋሪው የአርሲ ኦሮሞ በብዙ ቦታ በራሱ አገር ገባር፣ በኋላም ጭሰኛ ሆነ። «ጭሰኛ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል፤ በሰው መሬት ላይ ጭስ የሚያጨስ ማለት ነው። መብቱ ከጭሱ አይበረታም። ሲሶ፣ እኩል ወይም ሌላ ድርሻ እየከፈለ የሚኖረው ባለመሬቱ እስከ ፈቀደ ድረስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለባለመሬቱ የሚከፈለው ድርሻ እስከ ምርቱ ሦስት አራተኛ ሊደርስ እንደሚችል ፈቅዶ ነበር።

ወደዚህ መቼት ነው በ1959/60 ዓ.ም. በአህጽሮት «ካዱ» የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የገባው። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው ይህ ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤቱ አሰላ ነበር። ዓላማውም የተቀደሰ ነበር፦ ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ገበያ ለትንሹ ገበሬና ለጭሰኛው ማድረስ። ምርቱም በእርግጥ አደገ። የመከራው ምንጭ ይኸው ዕድገት ነበር። በሄክታር የሚገኘው ስንዴ ሲበዛ መሬቱ ተወደደ። መሬቱ ሲወደድ ባለመሬቱ በጭሰኛ ከማሳረስ ራሱ ቢያርስ እንደሚያተርፍ ተረዳ። የእርሻ መኪና ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ ለእርሻ የሚውለው ነዳጅም የግብር ቅናሽ ነበረው። በመሆኑም በጭላሎ ሜዳዎች ትራክተርና ኮምባይነር ተስፋፉ፣ ጭሰኛው ግን ተነቀለ። ድርጅቱ ራሱ ይህን አይቶ የብድር ደንቡን ለትንሹ እንዲያደላ ለማሻሻል ሞከረ። ጭሰኛውን የሚጠብቅ የኪራይ ሕግ እንዲወጣም ግፊት ተደረገ። ረቂቁ ለምክር ቤት ቀረበ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ እንደራሴዎች ባለመሬቶች ነበሩና ሳይጸድቅ የካቲት 1966 ዓ.ም. ደረሰ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ አድርጎ ጭሰኝነትን እስኪሽር ድረስ የተነቀለው ሰው ይግባኝ የሚልበት አልነበረም።

ይህን ሰንሰለት ከልቦለድ አንጻር እንመልከተው። ዘሩን ያሻሻለው የእርሻ ባለሙያ በጎ አድርጓል። ብድሩን የሰጠው ስዊድናዊ በጎ አስቧል። ትራክተሩን ያስገባው ነጋዴ ሕግ አክብሯል። ባለመሬቱም በገዛ መሬቱ ላይ ዘመናዊ እርሻ ጀምሯል፤ ይህ ደግሞ በጊዜው በጋዜጣ የሚመሰገን ነገር ነበር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ፊታውራሪ መሸሻን ፈልገን አናገኝም። የሴራው ውጤት ግን ከፊታውራሪው ይከፋል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬያቸውን ያለ ልክ ለመብላት ይፈልጉታል እንጂ ሊያጡት አይፈልጉም። የአርሲው ባለመሬት ገበሬው አላስፈለገውም።

የሀብት ልዩነት ወደ መጨረሻው ጽንፍ ሲደርስ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ላይ ይታያል። በመጀመሪያው ደረጃ ባለጸጋው ድኻውን ይበድለዋል፤ ሆኖም ይፈልገዋል። ስለዚህ ድኻው አንድ የመታገያ መሣሪያ አለው፣ ጉልበቱን መንፈግ ይችላል። በሁለተኛው ደረጃ ባለጸጋው ድኻውን አይፈልገውም። ያን ጊዜ የድኻው ዕጣ በባለጸጋው ደግነት ላይ ብቻ ይወድቃል። ደግ ከሆነ ስንቅ ያገኛል፣ ክፉ ከሆነ ባዶ እጁን ይወጣል። በሁለቱም ግን ይወጣል።

5. ያልተጻፈው ባለጸጋ

ልቦለዳችን ይህን ባለጸጋ ለምን ሳይጽፈው ቀረ? ሐሳቡ በአማርኛ ጠፍቶ ነው ማለት አይቻልም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ ሀብትን ከሥራና ከዕውቀት የሚመነጭ ነገር አድርጎ ተንትኖታል። ዕውቀት ያለውና የሌለው ሲገበያዩ ያለ ዝርፊያም የአንዱ ድካም ወደ ሌላው እንደሚሄድ አሳይቷል። ይህ ትንታኔ ክፉ ሰው አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው እኩል ያልሆነ ግንኙነት ብቻ ነው። እንግዲህ ሀብትን ከስጦታ ወደ ግንኙነት የሚያሸጋግረው ድልድይ በዝርው ጽሑፋችን ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት ተሠርቶ ነበር። ልቦለዱ ግን የኅሩይ ወልደ ሥላሴን የግብረ ገብ መንገድ መረጠ፤ ሰውን በምግባሩ የሚመዝነውን።

በ1950ዎቹ አዲስ ድምፅ ተሰማ። የታምሩ ፈይሳ «ድኻው ይናገራል» የተባለው ግጥም በ1953 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲቀርብ፣ ርእሱ ብቻውን ለውጥ ነበር፤ ድኻው የሚመጸወት መሆኑ ቀርቶ የሚናገር ሆነ። አቤ ጉበኛ «አልወለድም» በተባለው መጽሐፉ ያልተወለደ ልጅ ወደዚህ ዓለም አልመጣም እንዲል አደረገ። ይህ የአንድ ጌታ ክስ አልነበረም፤ የሥርዓት ክስ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1970ዎቹ ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ «ማዕበል» የወሎን ረኀብና አብዮቱን ሰፋ አድርጎ ጻፈ።

ከአብዮቱ በኋላ ግን አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ሥርዓቱን በቲዎሪ የሚተነትኑ ቃላት በጽሑፋችን ውስጥ ሞሉ፤ «ፊውዳል»፣ «ከበርቴ»፣ «ንዑስ ከበርቴ»። ገጸ ባሕርያቱ ግን ወደ ኋላ ተመለሱ። የዘመኑ ብዙ ልቦለዶችና ተውኔቶች ባለመሬቱን ቦርጫም፣ ሴሰኛና ጨካኝ አድርገው ሳሉት። ቲዎሪው ጥፋቱ የመደብ ነው ሲል፣ ሥዕሉ ጥፋቱ የሰውዬው ነው ይል ነበር። የነዌ ትውፊት በቀይ ልብስ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ያው ሰው «ባለሀብት» ተብሎ ተከበረ። ቃሉ ከስድብ ወደ ማዕረግ ሲሻገር፣ በመካከሉ መመርመር የነበረበት ጥያቄ ሳይመረመር አለፈ።

ልቦለድ እንዲህ ያለውን ነገር ማሳየት አይችልም፣ ትራክተር ገጸ ባሕርይ አይሆንም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለዚህ የሌላ አገር ልቦለድ መልስ ይሰጣል። አሜሪካዊው ጆን ስታይንቤክ በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» የኦክላሆማ ጭሰኞች በትራክተር ሲነቀሉ ያሳያል። ቤቱ ሊፈርስበት የተቃረበ አንድ ጭሰኛ ጠመንጃ ይዞ ይቆማል፤ ነገር ግን የሚተኩሰው በማን ላይ ነው? ትራክተሩን የሚነዳው የጎረቤቱ ልጅ ነው፣ ለዕለት እንጀራው የሚሠራ። የላከው ባንክ ነው፣ ባንኩንም ሌሎች በሩቅ ያዙታል። ጠመንጃው ዒላማ ያጣል። ደራሲው ክፉ ሰው ባለማግኘቱ ትዕይንቱ አልደከመም፤ የትዕይንቱ አስፈሪነት ያለው በዚያው በማጣቱ ላይ ነው። የሲሬው ሽማግሌ «የምረግመው ሰው የለኝም» ሲሉ የተናገሩትም ይህንኑ ነው።

6. ሁለት ተቃውሞዎች

ከላይ የቀረበው ሐሳብ ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች ሊገጥሙት ይችላሉ።

አንደኛው፣ ክፉ ጌታ አልነበረም ማለት የአርሲን ሕዝብ በደል ማለዘብ ነው የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። መሬቱ መጀመሪያ የተያዘው በጦር ነው፤ የዘመቻው ጭካኔም በሕዝቡ ትዝታ ውስጥ ዛሬም ሕያው ነው። ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአማርኛ ስለነበር ብዙው ጭሰኛ አቤቱታውን በራሱ አፍ ማሰማት እንኳ አይችልም ነበር። የአማርኛ ልቦለድም ለረጅም ጊዜ አላናገረውም፤ ይህ ሁለተኛ ዝምታ ነው። ይሁን እንጂ ክርክራችን በደል አልነበረም የሚል አይደለም። በደሉ በሰማንያ ዓመት ውስጥ ከጦር ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ገበያ እየተሸጋገረ፣ በመጨረሻ በደግ ሰው እጅ ሊፈጸም የሚችል ሆነ ነው የምንለው። ይህ በደሉን አያቀለውም። ሥሩ ምን ያህል እንደጠለቀ ያሳያል እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ርስት የሌለው ሕዝብ አይነሣም ማለት ስሕተት ነው የሚል ነው። በአጎራባቿ ባሌ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በእነ ዋቆ ጉቱ መሪነት የተካሄደው የትጥቅ አመፅ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። በእርግጥ ነው። ነገር ግን የባሌው አመፅ በመሬት ንጥቂያ፣ በግብርና በአስተዳደር በደል የተነሣ በመንግሥት ላይ የተቃጣ ጦርነት ነበር። ከአንድ ጌታ ግቢ ፊት ለፊት የሚያልቅ ጠብ አልነበረም። ይህም የሚያጠናክረው የእኛኑ ነጥብ ነው፤ ለእንዲህ ያለው መቼት የአበጀ በለውና የፊታውራሪ መሸሻ ሴራ አይበቃም፣ ሌላ ዓይነት ሴራ ያስፈልጋል።

7. ማጠቃለያ

የከፍተኛ ሀብትን ሥነ ምግባር በሦስት ጥያቄዎች መመርመር ይቻላል፦ ሀብቱ እንዴት ተገኘ? እንዴት ይውላል? በሁለት ሰዎች መካከልስ ምን ዓይነት ግንኙነት ይፈጥራል? ልቦለዳችን ሁለተኛውን አብዝቶ፣ የመጀመሪያውን አልፎ አልፎ ጠይቋል። ሦስተኛውን በጉዱ ካሳ አንደበት ጀምሮት ወደ ሴራ ሳያሻግረው ቀርቷል። በመሆኑም ተማሪዎቻችን ባለጸጋን በምጽዋቱ መመዘን ተምረዋል፤ አንድ ሰው በሌላው ደግነት ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መኖሩ ራሱ በደል እንደሆነ ግን ከልቦለዱ አልተማሩም።

ስለዚህ በክፍል ውስጥ መቼትን ስናስተምር «የትና መቼ?» ከሚለው ጋር «መሬቱ የማን ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ይህ ጽሑፍ ያሳስባል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዚህ ጥያቄ ማንበብ ክብሩን አይቀንሰውም። የጎጃምን እውነት ምን ያህል አጥልቆ እንደያዘ ያሳያል፤ የቀረውን አገር እውነት ደግሞ ለሌሎች ደራሲዎች እንደተወው ይገልጻል።

ጥያቄው ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ነገር ግን ይከራያል። ዛሬ በአርሲ ሜዳ መኸር ሲደርስ ኮምባይነር እየተከራየ ያጭዳል። በሬና ማዳበሪያ መግዣ ያጣ ገበሬ መሬቱን ለሚችል ሰው አከራይቶ በገዛ ማሳው ላይ የቀን ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። መሬት ያልደረሰው ወጣት ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሕንፃ ይሠራል፣ በሕንፃው ግን አይኖርበትም። ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ ክፉ ሰው ላይኖር ይችላል። ደራሲው ክፉ ሰው እስኪያገኝ ከጠበቀ ሳይጽፈው ያልፋል።

የሲሬው ሽማግሌ ያን ጆንያ ስንዴ እንደ ስጦታ ተቀብለውታል፤ ቋንቋውም፣ ስብከቱም፣ ልማዱም ስጦታ ነው ብለው አስተምረዋቸዋል። ሽማግሌው አጫውተው ሲጨርሱ ጸሐፊው አንድ ነገር ብቻ ጠይቋቸው ነበር፦ በጆንያው ውስጥ የነበረው ስንዴ ከየትኛው ማሳ የታጨደ ነበር? ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ከዚያው፣ እኛ ካረስነው ነዋ» አሉ።